እስስትነት ነውን?



ከገጠር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት በአንድ ዓመት ውስጥ አነጋገሩ፥ አለባበሱ፥ ሳቁ ሳይቀር ይለወጣል። ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ «እስስት ሆነ» የሚሉት አይጠፉም። እርሱም በበኩሉ «ጊዜውን መምሰል ነው» ይላል። ክርክሩ ከዚህ አያልፍም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች መለወጥ ማለት አካባቢን መምሰል ነው በሚለው ተስማምተዋል፤ አንዱ ይነቅፈዋል፥ ሌላው ይቀበለዋል እንጂ። እኔ የምጠራጠረው ይህንኑ ስምምነታቸውን ነው። ጥርጣሬዬም የመጣው ከባሕር ነው።

በውቅያኖስ የላይኛው ክፍል ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ፥ አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ ደቂቃን ፍጥረታት ይኖራሉ። እንደ ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። በምድራችን ከሚካሄደው ከዚህ ሥራ ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ነው። ችግራቸው ብርሃኑ በየቦታው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ውኃ ቀዩን ብርሃን ገና ከላይ ውጦ ያስቀረዋል። ከዳርቻ በራቀው በጠራው ውኃ ውስጥ ወደ ጥልቁ የሚወርደው ሰማያዊው ነው፤ ወደ ዳርቻው ሲቀርቡ ግን ወንዞች ይዘውት የሚገቡት ብስባሽ ሰማያዊውን ስለሚውጠው አረንጓዴው ያመዝናል።

እ.ኤ.አ. በ1902 ጋይዱኮቭ የተባለ ሩስያዊ ተመራማሪ ክር የሚመስሉ ደቂቃንን በልዩ ልዩ ቀለም ብርሃን ሥር ስላሳደገበት ሙከራው ጽፎ ነበር። በአረንጓዴ ብርሃን ያደጉት ወደ ቀይ፥ በቀይ ብርሃን ያደጉት ወደ አረንጓዴ አደሉ። ብርሃኑን አልመሰሉም፤ ተቃራኒውን ሆኑ! ምሥጢሩ ይህ ነው፦ የአንድ ነገር ቀለም ብለን የምናየው፥ ያ ነገር ሳይቀበል የመለሰውን ብርሃን ነው። እንግዲህ በአረንጓዴ ብርሃን መካከል አረንጓዴ የሆነ ሕዋስ ከቀረበለት ማዕድ አብዛኛውን እየመለሰ ይራባል ማለት ነው። አካባቢውን መምሰል ለእርሱ ጉዳት ነው። (እስስትም ብትሆን ስሟ ያለ አግባብ ጠፍቷል፤ ቀለሟን የምትለዋውጠው ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን ከመሰሎቿ ጋር ለመግባባትና ሙቀቷን ለማስተካከልም ነው።)

በውቅያኖስ ውስጥ ደግሞ ሲኔኮኮከስ የሚባል አለ። ሺህ ያህሉ በአንድ መስመር ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ከዚህ ወገን አንዳንዶቹ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን እያፈራረቁ መቀበል ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከብዙ ባሕሮች የተቀዳ ውኃ መርምሮ፥ ከሲኔኮኮከስ መካከል 40 በመቶ ያህሉ የዚህ ችሎታ ባለቤቶች መሆናቸውን ገልጿል። እኔን ያስገረመኝ የአሠራሩ ጥንቃቄ ነው። ብርሃን የሚለቅመው ፕሮቲን በቦታው ይቆያል፤ በላዩ ከተሰኩት ቀለም ያዦች ጥቂቶቹ ብቻ ይተካሉ። የተለቀመውን ብርሃን ወደ ሥራ የሚያስገባው በመካከል ያለው ክሎሮፊልም ያው ነው። ለውጡም ቀናት ይፈጃል። ማዕበል ለአንድ ሰዓት ወደ ሌላ ብርሃን ቢወስደው የሲኔኮኮከስ ቀለም ንቅንቅ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ሙከራም አለ። ቀለሙን መለወጥ የሚችል አንድ ዓይነት፥ መለወጥ ከማይችል ቀይ ወይም አረንጓዴ ጎረቤት ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዲያድግ ተደረገ። ተለዋዋጩ ጎረቤቱ ያልተጠቀመበትን ብርሃን ወደ መልቀም ዞረና አብረው ኖሩ። ደግነት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሕዋስ ፈቃድ የለውም፥ አይመርጥም፥ አይወቀስም። እኛ ግን እንመርጣለን፤ ስለዚህ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይወስደንም።

ቢሆንም ጥያቄውን ያስተካክልልናል። ወጣቱ የተለወጠው ሊቀበል ነው ወይስ ሊታይ? የመምህሩን ቃል ለመከታተል የከተማውን አነጋገር የተማረ ልጅ አለ። የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ በገጠር አነጋገር ሲያፌዙ፥ እናቱ የምትናገረው እንደዚያው መሆኑን እያወቀ አብሮ የሚስቅም አለ። ከውጭ ሲታዩ የሁለቱ አነጋገር አንድ ነው። ሁለተኛው ግን በአረንጓዴ ብርሃን አረንጓዴ ሆኗል፤ ከዚያ ሳቅ የሚያገኘው ምን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። በማንም አልሳቀም፥ ለትምህርቱ ሲል ብቻ ተለወጠ፤ ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ለፋሲካ ቤቱ ገብቶ፥ ቡናው ተቀድቶ፥ ከእናቱ ጋር የሚጨዋወተው ያጣል። ሲኔኮኮከስ ወደ ሰማያዊው ውኃ ሲመለስ በቀናት ውስጥ የቀድሞውን ቀለም ያወጣል። ለዚህ ልጅ ስንት ቀን ይበቃዋል? እናቱስ እስከዚያ ድረስ ምን ብላ ትጠብቀው?