ስንቅ የሌለው ዘር

ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ በኮንየርስ ዙሪያ በተረፈው የኦክና የጥድ ደን ውስጥ፣ ዛፎቹ ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት የብርድ ወራት ከመሬት ተጣብቆ ለምለም ሆኖ የሚከርም የዱር ኦርኪድ አለ። ሊቃውንቱ ጉድዬራ ይሉታል። ቅጠሉ በነጭ ጅማት እንደ ጥልፍ ያጌጠ ነው። ላየው ሁሉ በፀሐይና በራሱ ሥር ብቻ የሚኖር፣ ከማንም ያልተበደረ ፍጡር ይመስላል። ልደቱ ግን ሌላ ይናገራል።

የባቄላ ፍሬ እናቱ የቋጠረችለትን ስንቅ ይዞ ወደ አፈር ይገባል። የኦርኪድ ዘር ግን እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ ስንቅ የለውም። ዳርዊን አንድ የእንግሊዝ አገር ኦርኪድ 186,300 ያህል ዘር እንደሚያፈራ አስልቶ፣ ምድር በዚህ ተክል እንዳትሸፈን የሚያግዳት ምን እንደሆነ አይታወቅም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር በፎንቴንብሎ ደን ያገኛቸውን ጥቃቅን ቡቃያዎች ቢመረምር፣ በፈንገስ ክር ተወርረው አገኛቸው። ዘሩ በዱር የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ከአፈር ወጥቶ ሕዋሱን ዘልቆ ሲገባ ነው። ክሩ በሕዋሱ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ቡቃያውም ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ያንን ጥቅል እየፈጨ ይመገባል።

ታዲያ ይህ ውለታ ነውን? ውለታ የሚውለው አስቦ ነው እንላለን። ፈንገሱ ግን ሊመግብ አልመጣም፤ ምናልባትም ሊበላ መጥቶ ተበላ። እንግዲያው ዕዳ የለም የሚል አይጠፋም። ይህን ሙግት በስደተኛው መካከል በሌላ መልኩ እንሰማዋለን። «ማንም አልረዳኝም፤ በላቤ ነው የቆምኩት» ይላል። የመጀመሪያውን ወር ሶፋ ላይ ያስተኛውን ዘመድ ብናነሣበት፣ «ብቸኝነቱን ሽሽት እንጂ ለእኔ ብሎ መሰለህ?» ይለናል። ይሁን፣ ሐሳቡ ያ ይሆናል። ነገር ግን ዕዳን በሰጪው ልብ መመዘን ለተቀባዩ እጅግ የተመቸ ሚዛን ነው። የሰጪው ሐሳብ ቢጎድፍም በሰጠው የቆመው አካል ቆሟል።

አከፋፈሉም ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሥራ፣ ያደገ ጉድዬራ በቅጠሉ ካበጀው ምግብ ለፈንገሱ መልሶ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ያ ቀድሞ የተፈጨው ክር ግን ከእንግዲህ የለም፤ ተቀባዩ ዛሬ በአፈሩ ውስጥ ያለው ነው። (ዕድሜ ልካቸውን ሳይከፍሉ የሚኖሩ ኦርኪዶችም በዚሁ በጆርጂያ ደን አሉ። አረንጓዴ ቅጠል የላቸውምና ልፍረድባቸው አልልም።)

አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 የኦርኪድን ዘር ያለ ፈንገስ፣ በጠርሙስ ውስጥ በስኳር ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በየገበያ አዳራሹ ለሚሸጠው ኦርኪድ መንገድ የከፈተው ይህ ነው። ስለዚህ ባለ ውለታ ሊተካ ይችላል የሚል ሰው ማስረጃ አለው። እኔ የምለው፣ ጠርሙሱን የሚያጥብና ስኳሩን የሚመጥን እጅም በተራው ባለ ውለታ ነው። ዱር ውስጥ ያ እጅ የለም። በጆርጂያ ደኖች የምትበቅለውን፣ በእንግሊዝኛ የእመቤት ጫማ የሚሏትን ሮዝ ኦርኪድ ሰዎች ለውበቷ እየነቀሉ ስላስቸገሩ፣ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው የዱር አበባ ጥበቃ ሕግ ከሚጠበቁት ተርታ አስገብታታለች። ነቃዩ ሥሯን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ በጓሮው ይተክላል፤ ውኃም አይነፍጋትም። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ጸደይ በኋላ ትጠፋለች።