የደረሰ ብርሃን፣ የተገመተ ብርሃን

ጢስ ዓባይ ካሜራን ይፈትናል። በነሐሴና በመስከረም ወንዙ ሞልቶ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወረወር አረፋው በቀትር ፀሐይ ዓይን ይወጋል፤ ከጎኑ ያለው ርጥብ አለት ደግሞ ጥቁር ነው። ፎቶ አንሺው ለአረፋው ካደላ አለቱ ከነሣሩ በጨለማ ይዋጣል፤ ለአለቱ ካደላ አረፋው ዝርዝር የሌለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ውድ የሆኑት የኪስ ካሜራዎች ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰራቸው ስንት ሚሊ ሜትር ነው የሚለው ክርክር ለብዙ ሰው የሱቅ ወሬ ይመስላል። እዚህ ፏፏቴ ፊት ለቆመ ግን ጥያቄው ይከብዳል፤ ካየሁት ውስጥ በእውነት የተቀረጸው ምን ያህሉ ነው ወደሚለው ይወስዳል።

አብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ለዓመታት ይዘውት የኖሩት ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 አርኤክስ100ን ሲያወጣ፣ ኪስ በሚገባ ካሜራ ውስጥ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር የሆነውንና ባለ አንድ ኢንች የሚባለውን ሴንሰር አስገባ፤ ስፋቱ ከቀድሞው አራት እጥፍ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አርኤክስ1 ደግሞ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልምን ልክ፣ 36 በ24ን፣ ያዘ። በመካከል ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አለ፤ የ2011ዱ ፉጂ ኤክስ100 እና የ2013ቱ ሪኮ ጂአር የተሠሩት በእርሱ ነው።

ስፋቱ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው በቅንጣት በቅንጣት ነው፤ አመጣጡም እንደ ዝናብ ነው። ካፊያ ሲጀምር ከደረቁ መሬት አንዱ ቦታ ይረጥባል፣ አጠገቡ ደረቅ ይሆናል፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን መሬቱ እኩል ይርሳል። በጥቂት ቅንጣት የተሠራ ጥላም እንዲሁ ዥጉርጉር ይሆናል፤ ፎቶ አንሺዎች ኖይዝ የሚሉት በአብዛኛው ይህንን ነው። ይህ መዛባት የሚያድገው በቅንጣቶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ ብርሃኑ አራት እጥፍ ሲደርስ ምስሉ ከኖይዙ አንጻር ሁለት እጥፍ ይጠራል። ይህን የትኛውም ፋብሪካ አያልፈውም፤ የብርሃን የራሱ ጠባይ ነውና።

ነገር ግን ሴንሰሩን ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን ነው የሚያየው። የመጀመሪያው አርኤክስ100 ዙም ሳይደረግ ሌንሱ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል። ጂአር ሴንሰሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ሰፊ ቢሆንም ሌንሱ ከኤፍ 2.8 አያልፍም። ሒሳቡ ሲሠራ፣ በአንድ ዓይነት የሹተር ፍጥነት ሁለቱ የሚቀበሉት ጠቅላላ ብርሃን ብዙ አይራራቅም። ያው አርኤክስ100 ዙሙ እስከ ጥጉ ሲሳብ ደግሞ ሌንሱ ወደ ኤፍ 4.9 ይጠብባል፤ ብርሃኑም ከሰባት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ይህ በአንድ ኢንቹና በሙሉው 36 በ24 መካከል ያለውን የስፋት ልዩነት ያህላል። ከፏፏቴው ማዶ ቆሞ ዙም የሚስብ ጎብኚ የሰፊውን ሴንሰር ጥቅም በገዛ እጁ ይመልሳል። በቀትር ጉዳቱ ላይታወቀው ይችላል፤ ሲመሽ ግን በደንብ ይታወቀዋል።

ብርሃን ሲያንስ መሣሪያው ወደ ግምት ይሄዳል። ካሜራው ኖይዙን ለማጥፋት አጎራባች ፒክስሎችን ያቀላቅላል፤ ስልክ ደግሞ በቅጽበት ብዙ ፎቶ አንሥቶ ይደራርባል። ለግንብና ለተራራ ይህ ድንቅ ይሠራል። ውኃ ግን አይቆምም፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ የዓባይ ጭስ አንዳንዴ ውኃም ጉምም ያልሆነ፣ በቡሩሽ የተቀባ የሚመስል ነገር ሆኖ ይወጣል። እኔ የምስል ጥራት የምለው ከምስሉ ውስጥ የደረሰው ብርሃን ከተገመተው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የጠራ መምሰል ሌላ፣ የታየውን መያዝ ሌላ።

ጣናን ተሻግሮ ዘጌ ለሚደርስ ሰው ይህ ይበልጥ ይገለጽለታል። በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ናቸው፤ ፍላሽ ለቀለማቸው ስለሚፈራ ማብራት አይገባም። የሠዓሊውን ቀጭን የዓይን መስመር ግምት ሲያቀልጠው ሥዕሉ የሌላ ሰው ሥራ ይሆናል። ነጭ ነጠላ የተከናነበች ጠይም ሴት በፀሐይ ፎቶ ስትነሣም እንዲሁ ነው። ካሜራው ነጠላውን ለማዳን ፊቷን ያጨልማል፤ በኋላ ጨለማው ሲነሣ ከትንሽ ሴንሰር የሚወጣው ኖይዝ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ በዚያ ይጠፋል፤ ይህን እንደ ቀላል የቴክኒክ ጉድለት ማለፍ አልችልም።

ፏፏቴው ራሱ ደግሞ ምስክር ያሻዋል። ከእርሱ በላይ ካለው ወንዝ ውኃ የሚስቡ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ተሠርተዋል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ባለ 73 ሜጋ ዋቱ ሁለተኛው በ2001። በ2010 ደግሞ ባለ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ከጣና ሐይቅ በቀጥታ ውኃ መውሰድ ጀመረ። ውኃው መብራት ሆኖ ቤት ገብቷል፤ ይህን የሚያቃልል ቃል የለኝም። ሆኖም አንድ ትውልድ ፏፏቴውን የሚያውቀው በቀድሞው የ1 ብር ኖት ጀርባ ላይ ሰፊ መጋረጃ ሆኖ ነው፤ በበጋ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በጥቁሩ አለት ላይ የሚወርዱ ቀጫጭን የውኃ ክሮች ነው። የኖይዝ ማጥፊያው በመጀመሪያ የሚሰርዘው ደግሞ እንዲህ ያለውን በጨለማ ውስጥ ያለ ደካማ መስመር ነው። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ክር ይወርድ ነበር ብሎ ወደፊት የሚጠይቅ ሰው ከእንዲህ ያለው ፎቶ የሚያነበው መልስ የለውም።

ታዲያ ትልቅ ካሜራ ይሻላል ቢባል፣ ወደ ፏፏቴው የሚያሻግረውን የአላታ ድልድይ አልፎ ጭሱ ሥር ሌንስ መቀየር ውኃን ወደ ሴንሰሩ መጋበዝ ነው። በቤተ ክርስቲያንና በገበያም ትልቁ ካሜራ ሲነሣ ሰው ፊቱን ይቀይራል፤ ያ የተቀየረ ፊት ምንም ያህል ብርሃን ቢሰበሰብ አይመለስም። ስለዚህ ምርጫዬ ሌንሱ የማይነቀል፣ ሹተሩ የማይሰማ፣ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ያለው ትንሽ ካሜራ ነው። ኤክስ100ም ጂአርም ብርሃን የሚቀንስ ማጣሪያ በውስጣቸው ስላላቸው፣ የውኃውን ፍሰት በዝግታ ለመቅረጽ ያግዛሉ። ዙም የላቸውም፤ ለመቅረብ መራመድ ያስፈልጋል። የሚነሣው ነገር ጢስ ዓባይ ከሆነ፣ ካሜራው ካስዋበው ጄፔግ ጎን ከሴንሰሩ እንደወጣ ያልተነካው ሮው ፋይል ከነቀኑ ይቀመጥ። በበጋ ስንት ክር ይወርድ እንደነበር የሚቆጠረው ከእርሱ ነው።