ለምርኮኛ የቀረበ ማዕድ



የሶርያ ንጉሥ ነቢዩ ኤልሳዕን ይይዙ ዘንድ የላካቸው ወታደሮች፣ ዓይናቸው ታውሮ ሰማርያ መካከል በደረሱ ጊዜ፣ የእስራኤል ንጉሥ ይግደላቸው እንደ ሆነ ነቢዩን ጠየቀው። ነቢዩ ግን እንጀራና ውሃ አቅርቦላቸው ወደ ጌታቸው እንዲያሰናብታቸው አዘዘው (2ኛ ነገ. 6)። ይህን ምዕራፍ ለልጆች ስናስተምር በእሳቱ ሠረገሎች ላይ እንቆይና ግብዣውን በጥድፊያ እናልፈዋለን። ከባዱ ትምህርት ግን ያለው በማዕዱ ላይ ነው፤ ተአምሩ የእግዚአብሔር ነበር፤ ማዕዱን ማሰናዳት ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው። ደግሞም ጥቂት ዝቅ ብለን ብናነብ የሶርያ ንጉሥ ኋላ ሰማርያን እንደ ከበበ እናገኛለን። ምሕረት የሚደረገው ውጤቱ ተረጋግጦ አይደለም ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ማዕድ በአገራችንም ቀርቧል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተማረኩት የኢጣሊያ ወታደሮች ብዙዎቹ ረጅሙን መንገድ ተጉዘው ሸዋ ገቡ፤ በዚያም ቀለብ እየተቆረጠላቸው ሰነበቱ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እንዲለቀቁ ለመማለድ የኮፕት ካቶሊክ ጳጳስ የነበሩትን አቡነ ቄርሎስ ማካርዮስን በ1888 ዓ.ም. ክረምት ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ዐፄ ምኒልክ መልእክተኛውን በክብር ተቀበሉ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የኢጣሊያ የጦር መርከብ መሣሪያ የጫነች የሆላንድ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ስለ ያዘች፣ ምልጃው ሳይፈጸም ቀረ። ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የሰላሙ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ኢጣሊያም ለቀለባቸው 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች።

በዚህ እንኮራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ ሳንገልጥ ብናልፍ ለልጆቻችን ግማሽ እውነት እናወርሳለን። በዚያው ጦር ሜዳ ከኢጣሊያ ጎን ተሰልፈው የተማረኩ፣ ቋንቋችንን የሚናገሩ፣ አንድ ጥምቀት የተጠመቁ አስካሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ 800 ያህሉ ከሃዲዎች ተብለው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ለባዕድ ማዕድ ቀረበ፤ ለወንድም ግን ካራ ተሳለ። የዘመኑ ሕግ ነው ማለት ይቻል ይሆናል፤ የወንጌል ሕግ ግን አልነበረም። የራስን ሰው ከባዕድ አብልጦ የመቅጣት ልማድ ዛሬም ከእኛ አልራቀም ብለን እንፈራለን።

መርካቶ ስሙ ራሱ ከሌላ ምርኮ የተረፈ ነው። በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ከተማይቱን በዘር ሲከፋፍሉ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደዚህ አዛወሩት፤ ገበያ ማለት የሆነው የኢጣሊያ ቃልም ስሙ ሆኖ ቀረ። በእነዚያ ዓመታት የተማረኩ አርበኞች እንደ ጦር ምርኮኛ አልታዩም። ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ፤ ሌሎች ብዙዎችም ወደ ዳናኔና ወደ ኖክራ ተጋዙ። ከኢጣሊያ ጳጳሳት አንዳንዶቹ ያንን ጦርነት መደገፋቸውም በእኛ በካቶሊኮች ዘንድ የሚሸፈን ነገር መሆን የለበትም። በ1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲመለሱ ግን ሕዝቡ በኢጣሊያኖቹ ላይ እንዳይበቀል አዘዙ፤ ብዙዎችም በሰላም ኖሩ።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ራስን መከላከል መብት መሆኑን አትክድም። ጦርነቱ ተገቢ ምክንያት አለው ቢባል እንኳ፣ የግብረ ገብ ሕግ በጦር ሜዳ እንደማይሻር፣ የቆሰለውና የተማረከውም በሰብአዊነት ሊያዝ እንደሚገባው ታስተምራለች። አገራችን የተቀበለችው የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነትም ምርኮኛን ከስድብና ከሕዝብ መሳለቂያነት ይጠብቃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የመርካቶን ምእመን በቀጥታ ይነካል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ አገራችን በተደረገው ጦርነት የተማረኩ ወጣቶች ሲዋረዱ የሚያሳዩ ምስሎች በየስልኩ ተላልፈዋል፤ እየሳቁ ያዩም ነበሩ። ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ይውላል፤ ያ የተዋረደው ልጅ የአጠገባችን ባለ ሱቅ የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በዚህችው ከተማ ብዙዎች በማንነታቸው እየተጠረጠሩ ሲያዙ፣ የጎረቤቱን ሱቅ የጠበቀለት፣ ስንቅ ያመላለሰለትም ሰው ነበረ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ወደ እስር ቤት የሄዱትን ሲያመሰግን፣ እስረኛው ጥፋተኛ ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ አልጠየቀም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በመጪዎቹ እሑዶች የኤልሳዕን ምዕራፍ እስከ ማዕዱ ድረስ አንብቡላቸው። ስለ አስካሪዎቹም ንገሯቸው። እንዲህ ያለ ምስል በስልኩ የያዘ ወጣት ካለ ሳታሳፍሩት ለብቻው አነጋግሩት፤ በምስሉ ላይ ስላለው ልጅ እናትም ጠይቁት።