ከያዙት በላይ መጥራት

ሰው በእጁ ከያዘው በላይ ቢናገር ዋሸ ይባላልን? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ሸንጎንም ገበያንም የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ነገሩን ገልጦ ለማሳየት ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታ መልካም ምሳሌ ስለሚሆነን ከእርሱ እንጀምር።

በብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ 52ቱ ካርታ ለእያንዳንዳቸው 13 ሆኖ ይታደላል። ጨዋታው ከመጀመሩ አስቀድሞ ግን ጨረታ አለ። ተጫዋቹ በተራው «እኔና ጓደኛዬ ይህን ያህል ዙር እናሸንፋለን» ሲል ይጠራል፤ ከእርሱ በኋላ የሚጠራም ካለ ከፊተኛው መብለጥ አለበት። የመጨረሻውን ጥሪ የጠራው ወገን ቃሉን ይፈጽማል፤ ካልፈጸመ ይቀጣል።

ተቃዋሚው ጨረታውን ከከፈተ በኋላ በላዩ የሚጠራ ሰው ሁልጊዜ ብርቱ ካርታ ይዞ አይደለም። አንዳንዴ ለጓደኛው መንገድ ለማመልከት፣ አንዳንዴም የተቃዋሚዎቹን መግባቢያ ለማጥበብ ይጠራል። እንደሚሸነፍ እያወቀ የሚጠራበት ጊዜ እንኳ አለ። ተቃዋሚዎቹ ቢተዋቸው 620 ነጥብ የሚያገኙ፣ እርሱ ግን በላያቸው ጠርቶ ቢወድቅ ቅጣቱ 500 ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ መውደቁ ራሱ ትርፍ ይሆንለታል።

ይህ ውሸት ነውን? እኔ ስለ ሁለት ምክንያት አይደለም እላለሁ። አንደኛ፣ የጠራው ሰው ዕዳውን ይከፍላል፤ ጥሪው ወሬ ሳይሆን ውል ነውና። ጓደኛውም አብሮት ይቀጣል፤ ነገር ግን ይህን አውቆና ፈቅዶ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛ፣ ጓደኛሞች ስለ ጥሪያቸው ትርጉም የተስማሙበት ሁሉ ለተቃዋሚዎቻቸው የተገለጠ እንዲሆን የጨዋታው ሕግ ያዛል። በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም የታወቁ ተጫዋቾች በስውር ምልክት ይነጋገራሉ ተብለው ሲከሰሱ የብሪጅ ወዳጆችን ያሳዘናቸው፣ ከያዙት በላይ መጥራታቸው ሳይሆን ሌላው የማይሰማውን ቋንቋ ተናገሩ መባላቸው ነበር።

የአገራችንም የጥንት ሙግት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ተሟጋቹ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረደ ነገሩን ከፍ ሲያደርግ ዋስ ጥራ ይባል ነበር፤ የደፈረ ቃል ያለ ዋስ አይታመንምና።

ከጨዋታና ከሙግት ወደ ዛሬ ኑሯችን ስንመለስ ግን ነገሩ ይከብዳል። እንደ ሐዋሳ ፈጥኖ በሚያድግ ከተማ መሬት በሊዝ ሲጫረት እናስብ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ተጫራቹ ከቦታው መነሻ ዋጋ ከ5 በመቶ የማያንስ ማስከበሪያ እንዲያሲዝ ማድረጉ ቃልን በዕዳ ለማሰር ነበር። ነገር ግን ባለጋራውን ለማስቀረት ብቻ ዋጋውን የሰቀለ ሰው፣ ማስከበሪያውን ቢያጣ እንኳ የጉዳቱን ሁሉ አይከፍልም። ቦታው ሳይሠራ ይከርማል፤ በልኩ የጠራው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የተሰቀለውም ዋጋ ለጎረቤት መለኪያ ሆኖ በመጨረሻ በተከራዩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ተከራዩ በጨዋታው አልተቀመጠም፤ ካርታም አልታደለውም፤ ቅጣቱ ግን ደረሰው።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ልማድ በዚያው በሐዋሳ ዙሪያ፣ በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ አለ። በሶንጎ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነገር ሲይዙ «አፊኒ» ይላሉ፤ «ሰምታችኋልን» ማለት ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ ሳይሰማና ሳይመክር ውሳኔ አይጸናም፤ የሚፈለገውም «ሃላሌ»፣ ማለት እውነት ነው።

እንግዲህ ደፍሮ መጥራትን አንንቀፍ። በእጁ ካለው ከፍ አድርጎ ያልተመኘ ሰው ትምህርት ቤት አይተክልም፣ መንገድም አያወጣም። የሥራ ኀላፊ በበጀት ዓመቱ መባቻ ከገንዘቡ የላቀ ዕቅድ ቢያውጅ፣ አስተማሪ ለደካማ ተማሪው ታላቅ ተስፋ ቢሰጥ፣ ሁለቱም ከያዙት በላይ ጠርተዋል። ዕቅዱ ቢወድቅ ግን ውኃ የሚያጣው ያ ኀላፊ አይደለም፤ የቧንቧውን መምጣት አምኖ ጕድጓዱን ሳይቆፍር የቀረው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ድምፃችንን ከፍ ከማድረጋችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ብወድቅ የሚከፍለው ማን ነው? እርሱስ ሰምቷልን? ሰምቶና ፈቅዶ እንደ ሆነ ጥሪያችን ድፍረት ይባላል፤ ሳይሰማ እንደ ሆነ ግን በሰው ካርታ መጫወት ነው።