አይቶ አለመግባት
(ዘዳግም 34፥1-5)

ሰው የደከመበትን ፍሬ ሳይቀምስ ቢሞት ድካሙ ከንቱ ነውን? ይህን ጥያቄ ቀን ሙሉ የሠራ ሁሉ በመሸ ጊዜ ይጠይቀዋል። የተወደዳችሁ ምእመናን፤ እኛም ከሙሴ ጋር ወደ ናባው ተራራ ወጥተን ልንመረምረው እንወዳለን።

ናባው በዮርዳኖስ አገር፥ ከጨው ባሕር በስተ ምሥራቅ ይገኛል። የጨው ባሕር ዳርቻ ከሌላው ባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ የተራራው ራስ ግን 800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ከሞዓብ ሜዳ ተነሥቶ በእግሩ የሚወጣ ሰው 1,000 ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቀዋል። ጐኑ የተራቈተ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ ጥቂት ነው፤ ነጩ ድንጋይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ ጠጠሩም ከእግር በታች ይንሸራተታል። ከጫፉ የደረሰ ግን የዮርዳኖስን ሸለቆና ኢያሪኮን፥ ሰማዩም በጠራ ቀን የኢየሩሳሌምን ኰረብቶች ያያል። ሙሴ በዚህ የወጣው በ120 ዓመቱ ነበር። ሕዝቡን 40 ዓመት መራ፤ ምድሪቱን አየ፤ ሳይገባባት በዚያው ሞተ።

አንዳንድ ሰው፥ «ለተራበ እንጀራ አሳይቶ መከልከል ጭካኔ አይደለምን?» ይላል። ይህን ክርክር አቅልለን ልናልፈው አይገባንም። በመሪባ ውኃ ዘንድ ስለ ሆነው ነገር የተፈረደ ፍርድ መሆኑን መጽሐፍ ይነግረናል (ዘኍልቍ 20)። ሙሴ ለመነ፥ አልተፈቀደለትምም። ፍርዱን ፍርድ አይደለም ብንል ሐሰት እንናገራለን። ነገር ግን እንጀራው ለማን ተጋገረ? ሙሴ የደከመው ለገዛ ርስቱ ቢሆን ኖሮ ናባው የሐዘን ተራራ ብቻ በሆነ ነበር። የደከመው ግን ለሕዝቡ ነው፤ ሕዝቡም ገባ።

የተራራው ድንጋይ ራሱ ይህን ያስተምረናል። የኖራ ድንጋይ በጥንት ባሕር ከኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ዛጎል ተከማችቶ የጠነከረ ነው። ከእነርሱ አንዱ እንኳ ተራራውን አላየም፤ ሙሴ ግን በላዩ ቆመ።

በቤተ ክርስቲያናችንም እንዲህ ሆኖአል። በ1866 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ምጽዋ የደረሱት የስዊድን ሚሲዮናውያን አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መሄድ ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘጋባቸው፥ አንዳንዶቹም በዚያው ዐረፉ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1904 ወደ ወለጋ ደረሰ፤ እርሱም በ1931 ስላረፈ፥ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ስትቋቋም አላየም።

ሆኖም የመጨረሻው መጽናኛችን ሥራችን አይደለም፤ የሰው ሥራ ሊፈርስም ይችላልና። በናባው ራስ ርስቱን ከሩቅ ያየውን ሙሴን፥ በሌላ ተራራ ላይ ከጌታ ጋር በክብር ሲነጋገር እናገኘዋለን (ሉቃስ 9)። ከምድሪቱ የሚበልጠውን፥ የምድሪቱን ጌታ፥ ፊት ለፊት አየ። ይህንም በድካሙ ዋጋ አልገዛውም፤ በጸጋ ተሰጠው።

እንግዲህ ለልጅ ልጅ ጥላ የሚሆን ዛፍ የምትተክሉ፥ ለሕፃናት ፊደል የምታስቈጥሩ፥ ስለ ጠፋ ልጅ የምትጸልዩ ሁሉ፥ ዳገቱን አትተዉ። ሙሴ ከመሞቱ በፊት ኢያሱን አጸና፤ የእኛም ግዴታ ይኸው ነው። እግዚአብሔር በጫፉ ላይ ቢያቆመን ስላሳየን እናመስግነው፤ መሻገሩንም ለሚከተሉን ያለ ቅንዓት እንተውላቸው። አሜን።