ውሻን የወደደ ጠበቃ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አነጋገር የተፈጠረው ውሻን ለማመስገን አይደለም። ጉርሻ አይቶ አንደበቱን ለሚያከራይ ሰው የተሰነዘረ ነቀፌታ ነው። በችሎት አካባቢ ይህ ነቀፌታ ከሁሉ ይልቅ የሚያርፈው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ በምስክርና በጠበቃ። ምስክሩ ለወዳጁ ያደላል፣ ጠበቃውም ለከፈለው ይሟገታል ተብሎ ይታማል። እንግዲህ አንድ ደራሲ ውሻን ማስረጃ፣ ውሻ ወዳድን ደግሞ ጠበቃ አድርጎ በአንድ ችሎት ፊት ሲያቆማቸው ነገሩ ለሣቅ የተመቸ ይመስላል። ይሁንና ከሣቁ ሥር አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። በፍቅር የተነሣ ሰው እውነትን መመርመር ይችላልን?

ደራሲው አሜሪካዊው ዴቪድ ሮዘንፌልት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ አንዲ ካርፔንተር የተባለውን ተከላካይ ጠበቃ ለአንባቢ አስተዋወቀ። ካርፔንተር በኒው ጀርሲ ግዛት የምትገኘው የፓተርሰን ከተማ ልጅ ነው። ከአባቱ 22 ሚሊዮን ዶላር በመውረሱ ሥራ አይወድም፤ ደንበኛ ሲመጣበትም ይደነግጣል። ከመቀመጫው የሚያስነሣው ታራ የምትባለው ጎልደን ሪትሪቨሩ ወይም የሌላ ውሻ መከራ ነው። በዐቃቤ ሕጉ ይቀልዳል፣ በዳኛው ይቀልዳል፣ ከሁሉም አብልጦ በራሱ ፈሪነት ይቀልዳል። የደራሲው ብልሃት ያለው ግን በውርሱ ላይ ነው። ገንዘብ የማያሻው ጠበቃ በበላበት ጮኸ ተብሎ ሊታማ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው «ፕሌይ ዴድ» ርእሱን የወሰደው ለውሻ ከሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ «ሙት መስለህ ተኛ» እንደ ማለት ነው። ጌታውን ነክሷል የተባለ አንድ ውሻ እንዲገደል ተወስኖበት በማቆያ ሳለ ካርፔንተር ይደርስለታል። ለውሻው እንደ ሰው ይከራከራል፤ ከተማውም በጉዳዩ ይሣቃል፣ ይነጋገራል። ውሻው ከዳነ በኋላ ግን አንዲት ሴት መጥታ የወንድሟ ውሻ መሆኑን ትናገራለች። ወንድሟ ሪቻርድ ኤቨንስ እጮኛውን በጀልባ ላይ ገድሏል ተብሎ ከዓመታት በፊት ተፈርዶበት በወኅኒ ይገኛል። ውሻውም በዚያው ሌሊት ባሕር ውስጥ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። ሞተ የተባለው በሕይወት ከተገኘ፣ የዐቃቤ ሕጉ ታሪክ በሙሉ እንደገና መመርመር አለበት።

እዚህ ላይ አንባቢው ሣቁን ገታ ቢያደርግ ይገባዋል። ውሻው በማቆያ ጥቂት ቀን ቢቀመጥ አገር ተነሣለት። ሰውየው ግን ዓመታት ሲታሰር ከእኅቱ በቀር የጮኸለት አልነበረም። ውሻን ንጹሕ ነው ብሎ ለመገመት ሕግ አያሻም፤ ልብ ራሱ ይገምታል። ሕጉ ያስፈለገው ለሰው ነው፣ ያውም ለማይወደድ ሰው።

ፍቅር በችሎት ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1869 በሚዙሪ ግዛት ኦልድ ድረም የተባለ አዳኝ ውሻ በጥይት ተገደለ። ጌታው ቻርልስ በርደን በጎቹን ውሾች የጨረሱበትን አማቹን ሊዮናይዳስ ሆርንስቢን ከሰሰ። ክርክሩ ከአንድ ችሎት ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1870 ዋረንስበርግ ከተማ ደረሰ። የበርደን ጠበቃ ጆርጅ ግራሃም ቬስት፣ በኋላ የሴኔት አባል የሆነው፣ የመዝጊያ ንግግሩን ሲያደርግ ማስረጃውን ወደ ጎን ትቶ ስለ ውሻ ታማኝነት ብቻ ተናገረ። ሀብት ሲጠፋና ወዳጅ ሲሸሽ ውሻ አብሮ እንደሚቆይ አስታወሰ። የጁሪው አባላት ለበርደን ፈረዱለት፤ ለውሻውም የ50 ዶላር ካሳ ተቆረጠ። ኦልድ ድረም እ.ኤ.አ. በ1958 በዚያው ከተማ ሐውልት ቆሞለታል።

ንግግሩ ውብ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የተኮሰው ማን ነው፣ በማንስ ትእዛዝ ተተኮሰ የሚለው የችሎቱ ጥያቄ በዚያ ንግግር መልስ አላገኘም፤ ተሸፈነ እንጂ። የሆርንስቢ በጎችም ነበሩ። ለእነርሱ የሚናገር በግ ወዳድ ጠበቃ አልተገኘላቸውም።

ከዚህ ጋር ሊተያይ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣው የአርተር ኮናን ዶይል «ሲልቨር ብሌዝ» ነው። ፈረስ ከጋጣው በሌሊት ሲወሰድ ዘቡ ውሻ አልጮኸም። ሼርሎክ ሆምስ ከዚህ ዝምታ የደረሰበት ድምዳሜ ሌሊት የገባው ሰው ውሻው የሚያውቀው ነበር የሚል ነው። ሆምስ ውሻውን አላቀፈውም፣ አላለቀሰለትምም፤ ፍቅሩን እንደ ማንኛውም ማስረጃ አገላብጦ አነበበው።

ካርፔንተር ከቬስትና ከሆምስ መካከል የቆመ ሰው ነው። ወደ ጉዳዩ ያስገባው ፍቅር ነው፤ ኤቨንስን ከወኅኒ ለማውጣት ግን የውሻው ተወዳጅነት አንዳች አይፈይድለትም። የሚጠቅመው ውሻው በሕይወት መኖሩ ብቻ ነው፤ ይህም ሊረጋገጥ፣ ሊመሰከርና በዐቃቤ ሕግ ጥያቄ ሊፈተን የሚችል ነገር ነው። የሮዘንፌልት ቀልድ ክብደት የሚያገኘው በዚህ ነው።

ሆኖም ጉድለቱ አይሸሸግም። ውሻ የሚወድ ተከሳሽን መከላከል ደስ ይላል። ውሻ የሚራገጥ፣ ጎረቤት የሚጠላው፣ ፊቱም የማያምር ተከሳሽ ቢመጣስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በጊዲዮን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰና ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው ሁሉ ግዛቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ግዴታ ጥሏል። በዚህ ሥርዓት የሚመደበው ጠበቃ የ22 ሚሊዮን ዶላር ወራሽ አይደለም፤ ደንበኛውንም አይመርጥም። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው መዝገብ ውስጥ ስም፣ የክስ ቍጥርና የቀጠሮ ቀን አለ፤ ውሻ የለም። ኤቨንስም ያን ውሻ ባያሳድግ ኖሮ ካርፔንተር ስሙን እንኳ ባልሰማ ነበር።