ያረጀ ውሻ ምን ይገባዋል?

ግቢ ሲጠብቅ ያረጀ ውሻ አንድ ቀን ከተኛበት መነሳት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ወይ እስኪሞት ይጠብቃል፣ ወይ ሐኪም ጠርቶ በመርፌ ያሳርፈዋል፣ አለዚያም በመኪና ጭኖ ከሰፈር አርቆ ጥሎት ይመለሳል። ይህ መጣል የሚሉት ነገር በከተማችን እንግዳ አይደለም። ግድያ ስላልሆነ ከኃጢአት የነጻ የሚመስለውም ብዙ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንታችን የሰው ነፍስ ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ የምትናገር፣ የምታስብ፣ ሕያው የሆነች ማለታቸው ነው። እንስሳ ያለው ደመ ነፍስ ብቻ ነው፤ ደሙ ሲቆም ነፍሱም አብራ ትቆማለች። ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ስለ ውሻ ምን አስጨነቀን?» የሚል ሞልቷል። እኔ ከዚያው መነሻ ተነስቼ የምደርሰው ተቃራኒው ላይ ነው። ሰው በሕመም ሲማቅቅ ወይም ግፍ ሲደርስበት በወዲያኛው ዓለም ዋጋውን ያገኛል ብለን እንጽናናለን። ወዲያኛው ዓለም የሌለው ፍጡር ግን የሚካስበት ቦታ የለውም። የዛሬ ስቃዩ ዛሬ ካልቀለለለት መቼም አይቀልለትም። ስለዚህ ደመ ነፍስ ብቻ መሆኑ በእኛ ላይ ያለውን ዕዳ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ተማሪዎቹን ሲያስተምር፣ ጌታውን ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ጉልበቱ ሲደክም እስኪሞት ድረስ ሊጦር ይገባዋል ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ግዴታው ለውሻው ነው አላለም፤ በእንስሳ ላይ መጨከን የለመደ በሰውም ላይ ይጨክናል ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ፍርዱን እቀበላለሁ፣ ምክንያቱን ግን አልቀበልም። የሚያቃስተው ውሻው ሆኖ ሳለ፣ የእሱ ስቃይ የእኛ ጠባይ ማረሚያ ብቻ ሊሆን አይችልም።

አገልግሎትን መለኪያ ማድረጉም አያስኬድም። በ1914 እ.ኤ.አ. በቦን ከተማ አጠገብ፣ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ፣ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ የውሻ ቡችላ አጽም ተገኝቷል፤ 14,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ጥርሶቹን የመረመሩ ባለሙያዎች ቡችላው ዲስቴምፐር በሚባለው በሽታ ለሳምንታት ሳይማቅቅ እንዳልቀረና ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል ጽፈዋል። የታመመ ቡችላ አውሬ አያድንም፣ ደጅም አይጠብቅም። እነዚያ ሰዎች ያስታመሙት ምንም ሳይሠራላቸው ነው።

የእኛው ውሻ ቦቢ ከአሥር ዓመት በላይ ከበሩ ሥር ኖሯል። በመጨረሻው ዓይኑን ሞራ ሸፈነው፤ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ይሄድ ነበር፣ ኋላ ያም ቀረ። ውሻ የቤቱን ደፍ ሲያልፍ የማትወደው እማዬ በረንዳው ላይ ጆንያ አንጥፋ፣ አሮጌ ነጠላዋን አልብሳ፣ ፍትፍት በእጇ ታጎርሰው ጀመር። ጎኑ ሲቆስል ሐኪም እንጥራ አልናት። «ነፍስን የሰጠ እሱ ይውሰዳት እንጂ ሰው ምን አግብቶት!» አለች።

ይህ የእማዬ ቃል በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በነፍስ ላይ ሥልጣን አለኝ ማለት ያስፈራል፤ መፍራቷም ደግ ነው። ነገር ግን የቦቢን ሕይወት መቼ ለተፈጥሮ ተውነው? ከእናቱ ጡት የነጠልነው እኛ ነን። በሰንሰለት ያሰርነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከተብነው፣ የሚበላበትን ሰዓት የወሰንነው እኛ ነን። ራሱን ችሎ መንገድ ላይ የሚኖር ውሻ እንዲህ እስኪዝል ድረስ የመኖር ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ቦቢን እዚያ ዕድሜ ያደረስነውም እኛው ነን። ዕድሜ ልኩን በእጃችን ይዘን ስቃዩ በበረታበት ሰዓት «አያገባንም» ብንል፣ እግዚአብሔርን የፈራን ይምሰለን እንጂ ከኃላፊነት መሸሽ ነው። በመጨረሻ በመርፌ ሊያሳርፈው ሐኪሙ መጣ። እማዬ ፊቷን አላዞረችም፤ ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ጆሮውን እያሻሸች እስከ መጨረሻው አብራው ቆየች።

«ሰው በሚራብበት አገር ለውሻ ማልቀስ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ ውሻውን የሚያስቀድም ካለ እኔም እቃወመዋለሁ። ይሁንና ርኅራኄ እንደ ጎተራ እህል አንዱ በወሰደ ቁጥር ለሌላው የሚጎድል አይደለም። በወንጌል የድኻውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ነበሩ፤ ከደጁ የወደቀውን ድኻ ያላየው ባለጠጋም ለውሾቹ ሲያዝን ጊዜ አልቆበት እንደሆነ አልተጻፈም። ጨካኝ ልብ ከደጁ የወደቀውን ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ውሻ፣ ረግጦ ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ስንብቱ ልመለስ። ውሻ ሞትን አያውቅም፣ «ደህና ሁን» ብንለውም አይገባውም። የሚያውቀው የሰዎቹን ጠረን፣ ድምፅና እጅ ነው። በመርፌ የሚያርፍ ውሻ እነዚህ ሳይጎድሉበት ይሄዳል። እያስታመሙት በራሱ ጊዜ የሚሞትም ሕመሙ ካልጸናበት እንዲሁ ነው። ከከተማ ዳር የተጣለው ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ያጣል፤ ሕመሙም ረሃቡም አብረውት ይቀራሉ፣ ለምን እንደተጣለም ሊረዳ አይችልም። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬን እለምናለሁ፤ ያረጀ ውሻህን አትጣለው። መብላት ካቆመ፣ መነሳት ካቃተው፣ ስትጠራውም ጅራቱን ካላነቃነቀ የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ሊድን የሚችል ከሆነ ይታከም፤ ካልሆነም ሐኪሙ መጀመሪያ በሚያስተኛ መድኃኒት እንዲያስተኛው ጠይቅ፤ አንተም ከአጠገቡ አትራቅ። ልጆችህንም «ጠፋ» ብለህ አትዋሻቸው፤ መሞቱን ንገራቸው፣ ሲቀበርም ይዩ።